ቺንጋው ልጁን ያዘው፤ ካሳው በማን ላይ ነው?

ጥያቄ፦

«ኮምቦልቻ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ከጎኑ ትንሽ ዳቦ ቤት ከፍቻለሁ። አምስት ሰው ይሠራልኛል። አንዱ ወፍጮውን የሚያስነሳው፣ አንዱ ዳቦ ጋጋሪው፣ አንዷ 16 ዓመት የሆናት የእህቴ ልጅ፣ ሁለቱ ጆንያ የሚያወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ወፍጮውን የሚያስነሳውን ልጅ ቺንጋው (ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ) ሽርጡን ይዞ ሲጎትተው ቀኝ እጁ ተሰበረ። ሁለት ጣቶቹም ክፉኛ ተጎድተዋል። ሆስፒታል ወስጄው ጀሶ ታስሮለት ወጣ። አሁን ቤተሰቦቹ ወጌሻ ጋ እንውሰደው እያሉ ነው። ሽማግሌም ልከውብኛል። የወር ደመወዙ 4,000 ብር ነው። የጽሑፍ ውል የለንም፤ ጡረታም አላስመዘገብኩትም። ማሽኑ እየዞረ አትጠጋ ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ። ለመሆኑ የካሳ ሕጉ እንደ እኔ ያለ ትንሽ ነጋዴን ይመለከታል? ኢንሹራንስ መግባትስ ነበረብኝ? እኔ ራሴ ብጎዳስ ማን አለኝ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሩ። ልጁን ወዲያው ሆስፒታል መውሰድዎ ትልቁን ነገር ሠርቷል። ሕጉም ከአሠሪ መጀመሪያ የሚጠብቀው ይኸንኑ ነው። አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያ ዕርዳታ ይሰጣል፣ ተጎጂው በሚገባ መጓጓዣ ቅርብ ወዳለ የሕክምና ተቋም ይወሰዳል፣ አደጋው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይነገራል። ሁለቱን አድርገዋል። ሦስተኛው ቀርቷል። ነገ ጠዋት ሱቁን ከመክፈትዎ በፊት ከተማው ውስጥ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር የሚሠራው ክፍል ጋ ሄደው አደጋውን በጽሑፍ ያስመዝግቡ። ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ እንለው የነበረው ዘርፍ ነው። ብዙ ነጋዴ «ራሴ ላይ እሳት ልጭር እንዴ» እያለ ይቀራል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ክርክር ሲመጣ ቀድሞ ያስመዘገበና የደበቀ አሠሪ ዳኛ ፊት እኩል አይታዩም።

የወጌሻውን ነገርም እዚሁ ልጨርሰው። ወጌሻ አልንቅም። እኛ አገር ስንቱን ሰው ቀጥ አድርጎ አቁሟል። የተሰበረ እጅና የተጎዳ ጣት ላይ ግን፣ ጀሶው ተፈትቶ ከታሸ በኋላ ነገሩ ቢበላሽ፣ ጉዳቱ ከቺንጋው ይሁን ከእሽቱ ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም። ያኔ ልጁም ይጎዳል፣ እርስዎም ይጎዳሉ። ቤተሰቡን በጨዋ ደንብ ያነጋግሯቸው። «ወጪው የእኔ ነው፤ ሐኪሙ ጨረስኩ እስኪል እንታገሥ» ይበሏቸው። ራጁን፣ የሐኪሙን ወረቀት፣ የመድኃኒቱን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፌስታል ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ሕጉ ይመለከትዎታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሲደነግግ «ከዚህ ቁጥር በላይ ሠራተኛ ያለው» የሚል መስፈርት አላስቀመጠም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድረው ፋብሪካና የእርስዎ ወፍጮ ቤት ለዚህ ጉዳይ በአንድ ሕግ ነው የሚዳኙት። አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለውም ያው ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ሰውየው በእርስዎ ትዕዛዝ ሥር፣ ለእርስዎ፣ በደመወዝ ይሠራ ነበር ወይ ብሎ ነው። ይሠራ ከነበረ አለቀ።

«ውል የለንም» ያሉትም እንዳሰቡት መከላከያ አይሆንም። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ፣ ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነገሮቹን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ወረቀት አለመኖሩ የሠራተኛውን መብት አይቀንስም። የሚጎዳው እርስዎን ነው። ለምሳሌ ልጁ «ደመወዜ 6,000 ነበር» ቢል በምን ያስተባብላሉ? በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍለውት ከሆነ እሰየው። በእጅ ከሆነ ግን ሙግቱ ቃል በቃል ይሆናል።

ከጥያቄዎ ሁሉ ከባዱ «ስንቴ ነግሬዋለሁ» ያሉት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ጥፋትን መሠረት አያደርግም። አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ተዘናግቶ ነበር፣ ቸኩሎ ነበር፣ ስልክ ሲያወራ ነበር ብሎ መከራከር ከካሳ አያድንም። አሠሪ ከኃላፊነት የሚወጣው ሠራተኛው ጉዳቱን ሆን ብሎ በራሱ ላይ ሲያደርስ ነው። እንደ ሆን ብሎ ከሚቆጠሩት መካከል ደግሞ አዋጁ ሁለት ነገር ለይቶ ይጠራል። አንዱ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ ወይም አደጋ ለመከላከል ያወጣውን ደንብ መተላለፍ ነው። ሌላው አካልን ወይም አእምሮን መቆጣጠር እስኪያቅት ድረስ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ነው።

«ታዲያ እኔም በግልጽ ነግሬው ነበር» ይሉኝ ይሆናል። እስቲ ወፍጮ ቤቱን በዓይነ ኅሊናዬ ልይ። ሞተሩ ከአንድ ጥግ፣ ወፍጮው ከሌላው ጥግ፣ መሀል ላይ ቺንጋው እየተርገበገበ። የሚያስፈጩት ሴቶች ተራ ይዘዋል፣ ዱቄቱ ጢም ብሎ ተነሥቷል። ቺንጋው ሲላላ ልጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ሙጫ ቀባ ያደርጋል ወይም በእንጨት ገፋ ያደርጋል፤ ምክንያቱም ካጠፋው ሰልፉ ይጮህበታል። ሽርጡ ደግሞ ጫፉ ተንጠልጥሏል። አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ቺንጋው ላይ የብረት ወይም የወንፊት መከለያ ነበረ? ልጁ የሥራ ቱታ ተሰጥቶት ነበር ወይስ በሽርጥ እንዲሠራ ዝም ተብሏል? ማሽን ሳይጠፋ የነካ ቀን ምን ተደረገ? በቃል ብቻ ተነግሮት፣ በየቀኑ ሲጥስ እያዩ ዝም ካሉ፣ ዳኛው «መመሪያ» ላይለው ይችላል። ዳኛ ፊት የሚያስተማምነው መመሪያ የተጻፈና የተለጠፈ፣ ሠራተኛው መማሩን የፈረመበት፣ ሲጣስም ማስጠንቀቂያ የተሰጠበት ነው። ማስረዳቱም በእርስዎ ትከሻ ላይ ነው።

መከለያው ከሌለ ደግሞ ጉዳዩ ከካሳም ያልፋል። አዋጁ አሠሪው አስፈላጊውን የደህንነት እርምጃ እንዲወስድና የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ሠራተኛው ከመደበኛው ካሳ ሌላ በሌላ ሕግ ተጨማሪ ኪሣራ የመጠየቅ መብቱ አይነካም። ስለዚህ «ነግሬው ነበር» በሚለው ላይ ብዙ አይደገፉ። ሽማግሌ ፊትም ቢሆን ሲያነሡት ቤተሰቡን ያስቆጣል እንጂ የሚያተርፍልዎ ነገር የለም።

አንዳንዱ ደግሞ «ጫት ቅሞ ነበር» ይላል። እኛ አካባቢ ይህ ክርክር ሳይነሳ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሕጉ የሚያወራው ራስን መቆጣጠር ስለሚያሳጣ ስካር ነው። መቃም ብቻውን ይህን አያሳይም። ደግሞም ቅሞ መምጣቱን አይተው ሥራ ካስጀመሩት፣ ምስክርነቱ በራስዎ ላይ ይዞራል። በረመዳን ጾም ደክሞት ነበር ማለትም እንዲሁ የትም አያደርስም።

የሥራ ላይ ጉዳት የሚባለው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ብቻ የሚደርሰው አይደለም። ልጁን «ደሴ ሄደህ ቺንጋ ግዛልኝ» ብለው ልከውት መኪናው ሀረጎ ላይ ቢገለበጥ፣ በእርስዎ ትዕዛዝ የሄደ ነውና የሥራ ላይ ጉዳት ነው። በምሳ ሰዓት ቅጥር ግቢው ውስጥ በሥራው ምክንያት ቆይቶ ቢጎዳም እንደዚያው። በራሱ ባጃጅ ተሳፍሮ ከቤቱ ሲመጣ ቢጎዳ ግን ሌላ ነው። ጉዞው የሚገባው ድርጅቱ ለሠራተኛ ባቀረበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መጓጓዣ ሲሆን ነው። የሥራ በሽታም አለ። የዱቄት ብናኝ ዓመት ከዓመት ሲሳብ አስም እንደሚያመጣ ጋጋሪዎች ያውቁታል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ዋጋው ርካሽ ነው።

አምስቱን ሰዎች አንድ በአንድ ልያቸው። ወፍጮውን የሚያስነሳው ልጅና ጋጋሪው ላይ ክርክር የለም።

ጆንያ የሚያወርዱት ላይ ነገሩ ይለያያል። ማኅበር ያላቸው፣ ዋጋቸውን ራሳቸው የሚቆርጡ፣ ዛሬ እርስዎ ጋ ነገ ጎረቤት ጋ የሚሠሩ ጫኝና አውራጆች ከሆኑ በራሳቸው ኃላፊነት እንደሚሠሩ ሊታዩ ይችላሉ። በየጠዋቱ እርስዎ ጋ የሚመጡ፣ «ይህን አንሣ፣ ያንን ጥረግ» የሚባሉ፣ ማታ የቀን ሒሳባቸውን የሚቀበሉ ከሆነ ግን ሠራተኞችዎ ናቸው። «የቀን ሠራተኛ ነው» ማለት ከካሳ ነፃ ያወጣል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን በጣም ተስፋፍቷል። ሕጉ እንዲህ አይልም።

የእህትዎ ልጅ ላይ ጠንከር ልበል። ዘመድ መሆኗ ምንም አይለውጥም። ደመወዝ እየተከፈላት ከሠራች ሠራተኛ ናት። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ ወጣት ሠራተኛ ይባላል። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራትም ክልክል ነው። ዳቦ ቤት ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሌሊት 10 ሰዓት ሊጥ እያቦካች እጇ ቢቃጠል ካሳው ብቻ አይደለም የሚመጣብዎ። እባክዎ ከቀን ፈረቃው ጋር ያድርጓት፣ ከወፍጮውም ያርቋት። በነገራችን ላይ እሳት ፊትን ክፉኛ ካበላሸ፣ መሥራት ባያግድም እንኳ ለካሳ ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ይቆጠራል።

ያልጠየቁኝን አንድ ልጨምር። ብዙ ነጋዴ ቤት የቤት ሠራተኛዋ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤት እንድትሠራ ትላካለች። የቤት ውስጥ አገልግሎት በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ነገር ግን ለንግዱ ሥራ ከዋለች፣ በእኔ እምነት ያኔ ለንግዱ የምትሠራ ሠራተኛ ሆናለች።

አሁን ወደ ብሩ። ልጁ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ ሕክምና፣ ሥራ ላይ በማይውልበት ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብና ዘላቂ ጉዳት ከደረሰበት የሚታሰበው ካሳ።

ሕክምናው ሙሉ ነው። የሐኪም፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሆስፒታል፣ የመድኃኒት፣ ካስፈለገም የሰው ሠራሽ አካል ወጪ የእርስዎ ነው። የጤና መድን ደብተር አለው ማለት የእርስዎ ግዴታ ቀረ ማለት አይደለም።

ሥራ ላይ በማይውልበት ጊዜ ቢበዛ እስከ አንድ ዓመት ይከፈለዋል። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው። በ4,000 ብር ሲሰላ የመጀመሪያው 12,000፣ ሁለተኛው 9,000፣ ሦስተኛው 12,000 ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ ቢተኛ 33,000 ብር መሆኑ ነው። ሐኪሙ «ድኗል፣ ይሥራ» ካለ ወይም ዘላቂ የጉዳት ክፍያው ከተጀመረ ከዚያ በፊት ይቆማል። የተሰበረ እጅ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ስለሚጠገን ይህን ያህል ላይደርስ ይችላል። የሚያሳስበኝ ጣቶቹ ናቸው።

ጣቶቹ እንደ ድሮው ካልታጠፉለት ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ይሆናል። መጠኑን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። እርስዎም ሽማግሌውም የልጁ አጎትም አይደሉም። ቦርዱ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ በመቶኛ ይሰጣል። ሠራተኛው በጡረታ ሕግ ካልተሸፈነ፣ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ የሆነ ሰው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ይከፈለዋል። የልጁ የዓመት ደመወዝ 48,000 ነው፤ አምስት እጥፉ 240,000 ብር። ከዚያ በታች ያለው በመቶኛው ይሰላል። ቦርዱ ለምሳሌ 20 በመቶ ቢል 48,000 ብር፣ 30 በመቶ ቢል 72,000 ብር ነው። አላህ ይጠብቀውና ቢሞት ኖሮ ያው 240,000 ብር ለጥገኞቹ ይከፋፈል ነበር። ለሚስት ወይም ለባል 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ በእሱ ይረዱ ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ። የቀብር ወጪው በተጨማሪ ነው።

«ጡረታ አላስመዘገብኩትም» ያሉት እዚህ ጋ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው። ሠራተኞችዎን በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አስመዝግበው ቢሆን ኖሮ ዘላቂ ጉዳቱን ወይም ሞቱን የሚመለከተው ክፍያ በጡረታ ሥርዓቱ በኩል ይሄድ ነበር። መዋጮው ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ነው። በልጁ ደመወዝ ከእርስዎ ኪስ በወር 440 ብር ይወጣ ነበር ማለት ነው። 440 ብር ሳትከፈል ስትቀር ለነጋዴ «ተረፈች» የምትባል ትመስላለች። ከ240,000 ብር ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጧት ግን ሌላ መልክ አላት። ጡረታ ግን ሁሉንም አይሸፍንም። ሕክምናውና የዓመቱ ክፍያ ያኔም ከእርስዎ ላይ አይወርዱም ነበር።

አሁን ሮጠው ቢያስመዘግቡት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቀኑን ወደ ኋላ ጽፈው እንዲያስመዘግቡ የሚመክርዎ ሰው ካለ አይስሙት። ያ ከካሳ ጉዳይ ወደ ወንጀል ያሻግራል። ለቀሩት ሠራተኞች ግን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ወደ ኋላ ያልተከፈለው መዋጮ ከነቅጣቱ ሊጠየቅ እንደሚችልም ይወቁ። መራር ነው፣ ግን እየቆየ የሚጣፍጥ አይደለም።

ኢንሹራንሱስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እንደ እርስዎ ያለውን ነጋዴ ፖሊሲ (የመድን ውል) ግዛ ብሎ አያስገድድም። ካሳው ግዴታ ነው፣ መድኑ ምርጫ ነው። ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። «ኢንሹራንስ ግዴታ ካልሆነ ካሳም ግዴታ አይደለም» ብሎ ይተኛል። እኔ የወፍጮ፣ የእንጨት፣ የብየዳ፣ የግንባታ ሥራ ላለው ሁሉ ግቡ እላለሁ። ሦስት ወንበር ላላት ጸጉር ቤት እንኳ ይህን ያህል አልጎተጉትም።

የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን የሚባል ፖሊሲ አለ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም፣ እንደ አዋሽ፣ ንብና ኒያላ ያሉት የግሎቹም ይሸጡታል። ዓረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) የሚሰላው በሠራተኞች የዓመት ደመወዝና በሥራው አደገኝነት ነው። ስለዚህ ወፍጮ ቤትና ስቴሽነሪ እኩል አይከፍሉም። ሲፈርሙ ሦስት ነገር አጥብቀው ይጠይቁ። ሽፋኑ በሥራ ሰዓት ብቻ ነው ወይስ 24 ሰዓት? የሕክምናው ጣሪያ ስንት ነው? የቀን ሠራተኞቹ ገብተዋል ወይ? ደመወዙን ደግሞ እውነተኛውን ይናገሩ። ዓረቦን ለመቀነስ 4,000 የሚከፈለውን 2,000 ብሎ ያስመዘገበ ሰው ካሳው ሲመጣ ልዩነቱ ከራሱ ኪስ ይወጣል። ይህ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቁጠባ ነው።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ፖሊሲ ለሠራተኛ ነው። ለማስፈጨት የመጣች ሴት ደረጃው ላይ ተንሸራታ ብትወድቅ አይሸፍንም። ለእሷ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባ ሌላ ሽፋን ያስፈልጋል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልምጣ። ወሎ ውስጥ ሽምግልናን ትቶ በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ እንደ መናናቅ ነው የሚታየው፣ በደንብ ይገባኛል። ሂዱ፣ ቡናውንም ጠጡ፣ ዱዓውንም ተቀበሉ። ነገር ግን እዚያ የሚደረገው እርቅና ሕጉ የሚያዘው ክፍያ ሁለት ነገር መሆናቸውን ይያዙ። እርቁ ቂም ያጠፋል፣ ቤተሰብን ያቀራርባል። ዛሬ ላይ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ተቀብሎ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ብሎ ማስፈረም ግን አደገኛ ነው። ገና ጀሶው አልተፈታም። ጣቶቹ ምን እንደሚሆኑ ሐኪሙም አያውቅም። ከሕጉ በታች የወረደ ስምምነት ነገ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሊፈርስ ይችላል፤ የሰጡትም ብር «ለጉሮሮ መያዣ ሰጠችኝ» ተብሎ ከሒሳብ ውጪ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ በሽማግሌዎቹ ፊት የሚሰጡት እያንዳንዱ ብር ስም ይኑረው። «ይህ የጥቅምት ወር ደመወዝ ነው»፣ «ይህ ለመድኃኒት ነው»፣ «ይህ ዘላቂ ጉዳት ቢወሰን ከዚያ ላይ የሚታሰብ ነው» ብለው ይጻፉና ልጁ፣ እርስዎና ሁለት ሽማግሌዎች ይፈርሙበት። የመጨረሻው ሒሳብ ቦርዱ ከወሰነ በኋላ እንደሚሆንም ይጨመርበት። ብዙ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ይደሰታሉ፣ ምክንያቱም ያላዩትን ጉዳት ገምቱ ከመባል ያድናቸዋል። ኢንሹራንስ ያለው ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ወደ ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት መድን ድርጅቱን ያሳውቅ። ፖሊሲዎቹ በአብዛኛው ያለ እነሱ ፈቃድ ኃላፊነት ማመንንም መዋዋልንም ይከለክላሉ። ደግ ሰው ሆኖ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እክሳለሁ» ብሎ በሽማግሌ ፊት የማለው ሁሉ ሽፋኑን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ልጁ ተኝቶ ሳለ በቦታው ሰው ቢተኩ ችግር የለም፤ ጊዜያዊ መሆኑን ግን በጽሑፍ ያድርጉት። «ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ፣ አትምጣ» እንዳይሉት። ያኔ በአንዱ ክስ ላይ ሌላ ይደረባል። የሥራ ክርክር አጠቃላይ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አንድ ዓመት ነው። ዝም ብዬ ዓመቱን ልግፋ የሚል ሐሳብ ካለዎት ደግሞ፣ ከፊል ክፍያ መፈጸምና በጽሑፍ ማመን ይርጋውን ያቋርጣሉ። ገፍተው የሚያመልጡት ነገር አይደለም።

የራስዎ ነገር አጭር ነው፤ ደስ የሚል መልስ ግን የለኝም። እርስዎ ባለቤት ነዎት፣ የማንም ሠራተኛ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለእርስዎ ካሳ አይሰጥም። ለሠራተኞች የገዙት ፖሊሲም፣ በስም ካልተጨመሩ በስተቀር፣ እርስዎን አይሸፍንም። ነገ ልጁ ሲቀር ወፍጮውን ራስዎ ካስነሡና ነጠላዎ ቺንጋው ውስጥ ከገባ ሁሉም ወጪ የእርስዎ ነው። ለዚህ የግል አደጋ መድን የሚባል ለብቻው አለ። የሠራተኞቹን ሲጠይቁ የዚህንም ዋጋ አብረው ይጠይቁ። በአንድ ድርጅት ሁለቱንም ሲገቡ ዓረቦኑ ላይ መከራከር ይቻላል። እስከዚያው የቺንጋውን መከለያ በየሰፈሩ ያለ ብረት በያጅ ይሠራልዎታል። መከለያው እስኪገባ ድረስ ወፍጮውን አያስነሡት።